ልጃገረዶቻችን ለጨዋታ መንገድ ቢወጡ

ጨዋታ የተባለ እንደሆነ በብዙ ሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው የሕፃናት መቧረቂያ፤ ወይም ከሥራ የተረፈ ሰዓት ማሳለፊያ ነው። ስለዚህም አንድ መሥሪያ ቤት የዓመቱን በጀት ሲደለድል፤ ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለጤና ጣቢያ እያለ ወርዶ ወርዶ «ጨዋታ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይደርቅበታል። ለወንዶቹ ልጆች የኳስ መግዣ ቢገኝ እንኳ ለሴቶቹ የሚሆን ሳይገኝ ዓመቱ ይዘጋል። እኔ ግን በበኩሌ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፤ ሴት ልጅ ለጨዋታ ከሰፈሯ ወጥታ፤ ከሌላ ወረዳ ወይም ከሌላ አገር ልጃገረዶች ጋር ተገናኝታ መወዳደሯ ከሥራ የተረፈ ትርፍ ነገር ሳይሆን፤ ራሱ የአስተዳደር ሥራ መሆኑን ነው። ምሳሌዬንም ከሁለት ቦታ አመጣለሁ። አንዱ ከሩቅ፤ ከክሪኬት ሜዳ ነው። ሁለተኛው ከቅርብ፤ ከራያ ቆላ፤ ከቆቦ ነው።

ክሪኬት በአገራችን የተለመደ ጨዋታ ስላልሆነ አስቀድሞ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በገና ሁለቱም ወገን በቆልማማ ዱላ አንዲቱን ሩር ያሳድዳሉ። በክሪኬት ግን ዱላው ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዙትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከተቃራኒው ወገን አንዷ ጠንካራዋን ኳስ ትወረውራለች፤ ዱላ የያዘችውም ከኋላዋ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ኳሷ እንዳትመታባት ትከላከላለች። ኳሷን አርቃ የመታች እንደሆነ ከጓደኛዋ ጋር ቦታ እየተለዋወጠች ትሮጣለች፤ አንድ ጊዜ ተለዋውጦ በደኅና መድረስ አንድ ነጥብ ይሆናል። በያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። በአገር ደረጃ የሚደረገው ትልቁ ግጥሚያም ቀናት የሚፈጅ ነው። እንግዲህ ትዕግሥትንና መተማመንን የሚጠይቅ ጨዋታ መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለት የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች በዚህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። የእንግሊዝ ሴቶች ሳምንታት የሚፈጅ የመርከብ ጉዞ አድርገው አውስትራልያ ገቡ፤ በብሪዝበን ከተማም የመጀመሪያው ግጥሚያ ተደረገ። የቡድኑ አለቃ ሚስ ቤቲ አርችዴል ነበረች። በዚያ ጨዋታ ሚርትል ማክላጋን የተባለችው ወርዋሪ ሰባት ተጫዋቾችን ስታስወጣ ያስቈጠረባት ነጥብ 10 ብቻ ነበር፤ አውስትራልያም በመጀመሪያው ተራዋ በ47 ነጥብ ተዘጋች። ከሦስቱ ግጥሚያዎች እንግሊዞች ሁለቱን አሸነፉ፤ አንዱ ባቻነት ተፈጸመ። ቀጥለውም ወደ ኒውዚላንድ ተሻግረው በክራይስትቸርች ሲጋጠሙ፤ ባለአገሮቹ በ44 ነጥብ ሲወጡ እንግዶቹ 503 አስቈጠሩ።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ቍጥር ለእኛ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ከነጥቡ ይልቅ የሚጠቅመን የሒሳቡ ነገር ነው። እነዚያ እንግሊዛውያን ሴቶች የመርከቡን ዋጋ የከፈሉት ከየኪሳቸው ነበር። ስለዚህም የሄደው ቡድን ከአገሪቱ ምርጥ የሆነው ሳይሆን፤ ከምርጦቹ መካከል ገንዘብና ጊዜ ያለው ነው። እየቻለች ገንዘብ በማጣቷ ብቻ አገሯ የቀረች ነበረች። በሦስተኛው ዓመት፤ በ1937፤ አውስትራልያውያን በተራቸው ወደ እንግሊዝ ሲሄዱም ይኸው ችግር ታየ። ፔጊ አንቶኒዮ የተባለችው ስመ ጥር ወርዋሪ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረችና መሄጃ አልነበራትም፤ ሌላ ሰው ባይከፍልላት ኖሮ እርስዋም ትቀር ነበር። ወደ ጉዞው ሲገቡም ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ መጠጥ፣ ሲጃራና ቁማር የተከለከለ ነው። ያም ዘመን የሴት ልጅን መንገድ መውጣት በጥርጣሬ ይመለከት ስለ ነበር፤ እነዚያ ሴቶች ለጨዋታቸው በገንዘብም በሥነ ሥርዓትም ዋስትና ማቅረብ ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1973 የሴቶች የክሪኬት የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ አገር ተደረገ፤ የወንዶቹ የዓለም ዋንጫ የተጀመረው ገና በ1975 ነው። ለጨዋታው የወንዶች ተከታይ ናቸው የተባሉት ሴቶች በዓለም ዋንጫ ወንዶቹን በሁለት ዓመት ቀደሙ ማለት ነው። ሕንድም በ2022 ለወንድና ለሴት ብሔራዊ ተጫዋቾች የአንድ ጨዋታ ክፍያ እኩል እንዲሆን ወሰነች፤ በ2025 ደግሞ የሕንድ ሴቶች ደቡብ አፍሪካን አሸንፈው የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። ክፍያው ብቻውን ዋንጫ አመጣ አልልም። ነገር ግን የገዛ ኪሷን እየዳበሰች በምትሳፈር ተጫዋችና አገሯ በምትልካት ተጫዋች መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሴቶቻችን በሩጫ ያስገኙትን ክብር መዘርዘር አያስፈልግም፤ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያገኘችውን ወርቅ የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ሩጫና የቡድን ጨዋታ በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሯጯ በዳገቱ ላይ ብቻዋን ልትበረታ ትችላለች፤ የቡድን ጨዋታ ግን ብቻ ለብቻ አይሆንም። ጓደኛ ይፈልጋል፤ ሜዳ ይፈልጋል፤ የተቈረጠ ቀን ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ተጋጣሚ ይፈልጋል። እነዚህን አራቱን የሚያሟላው ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ አንድ አገር በሴቶች የቡድን ጨዋታ ያለው ደረጃ፤ የሴቶቹን ጕልበት ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቶቹንም ትጋት ይለካል።

የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን፤ ሉሲዎቹ፤ ለዚህ ማስረጃ ናቸው። በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ወጥተዋል። የዱራሜዋ ሎዛ አበራም እስከ ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር ደረሳቸው። ናይጄሪያ ከዚያ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር ተጋጥማ፤ ያለ ግብ ቈይታ በመለያ ምት ብቻ የተሸነፈች ብርቱ ቡድን ነበረች። ያም ጨዋታ የተደረገው በዚያው በብሪዝበን ከተማ ነው። ይህችው ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ ጥቅምት 14 ቀን በአበበ ቢቂላ ስታዲዮም ስትጫወት፤ ሉሲዎቹ 1 ለ 1 ተለያዩ። ከስድስት ቀን በኋላ አቡጃ ላይ ግን 4 ለ 0 ተሸነፉ።

ከእነዚህ ሁለት ውጤቶች የትኛው ነው እውነተኛው? ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ልጆቻችን ያላቸውን ችሎታ ይናገራል፤ ሁለተኛው ያጡትን ልምድ። በገዛ ሜዳ፣ በገዛ አየር፣ በገዛ ሕዝብ ፊት መጫወት አንድ ነገር ነው፤ ተጕዞ፣ በሰው አገር አድሮ፣ የሰው ጩኸት እየሰሙ መጫወት ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ማንም ሰው በአንድ ቀን አይማረውም። የናይጄሪያ ተጫዋቾች ብዙ መንገድ የለመዱ ናቸው። የእኛዋ ልጃገረድ መንገድ መልመድ መጀመር የነበረባት በብሔራዊው ቡድን ሳይሆን ገና ተማሪ ሳለች፤ ከወረዳዋ ወደ ጎረቤት ወረዳ በመጓዝ ነው።

ነገሩን ወደ ቆቦ የሚወስደኝም ይህ ነው። ቆቦ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፤ በምዕራብ ደጋው አጥሯት በሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ክሪኬት ሩቅ ነው ብለን የጀመርን እንደሆነ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ሳይበግራት፤ ዓይኗን ከማሳው ሳትነቅል፤ ድንጋይዋን ካሰበችበት የምታሳርፍ ልጅ በዚህ ቆላ እንዳለች እናስብ። የክንድና የዓይን ትምህርት የሚሰጣት አሠልጣኝ አላየችም፤ ሆኖም ትምህርቱን ከማሽላው ተምራዋለች።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን ይጫወታሉ። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በዚህ አገር ስሙ ሶለል ነው። ልጃገረዶቹ አምረው፤ ተሰብስበው፤ ከበሮአቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት፤ ከመንደር ወደ መንደር ይዞራሉ። የሚያገኙትን ስጦታ በአንድነት ይይዛሉ። እናትና አባትም ልጃቸውን «ወዴት ትሄጃለሽ?» አይሏትም፤ እንዲያውም አልብሰው ይሸኟታል።

እንግዲህ ልብ እንበል። በቡድን ሆኖ፤ ከሰፈር ወጥቶ፤ ወደ ሌላ መንደር ሄዶ፤ በሕዝብ ፊት ችሎታን አሳይቶ፤ ተመስግኖ መመለስ፤ ይህ የጨዋታ ጉዞ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? «ሴት ልጅ ለጨዋታ አገር ላገር መዞሯ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው» የሚሉ ሰዎች ሶለልን ረስተዋል። ወላጅ ልጁን ለሶለል የሚለቃት ልቡ ስለ ለዘበ አይደለም፤ ሥርዓቱን ስለሚያውቅ ነው። ቀኑ የታወቀ ነው፤ አብረዋት የሚሄዱት የታወቁ ናቸው፤ የሚቀበላትም መንደር በክብር ይቀበላታል። ስለዚህ ከወላጅ ጋር የሚያጣላን ጨዋታው ሳይሆን ሥርዓት የሌለው ጨዋታ ነው። ቀኑ ያልታወቀ፤ ኀላፊው ያልታወቀ፤ መመለሻ ሰዓቱ ያልታወቀ ጉዞ አስተዋይ አባት ቢከለክል አይፈረድበትም። ሥርዓቱን ማቆም ግን የእኛ፤ የወጣት ሠራተኞች፤ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ሴት ልጅ የቤት ሥራ አለባት፤ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው ማን ነው?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት ስላለው አልንቀውም። ነገር ግን መፍትሔው ጨዋታዋን መከልከል ሳይሆን ሥራውን ከወንድሟ ጋር ማካፈል ነው። ወንድሟ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲጫወት ውሃውን የቀዳው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ እርስዋ ስለ ቀዳች ነውና።

ሁለተኛው «ልጃገረድ መንገድ ከለመደች ትበላሻለች» የሚለው ነው። ለዚህ የምመልሰው ሁላችንም በምናውቀው ነገር ነው። ከሰሜን ወሎ ብዙ ልጃገረዶች በረሃውንና ባሕሩን አቋርጠው ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። ያ መንገድ አሠልጣኝ የለውም፤ አብራ የምትሄድ መምህርት የለችውም፤ የመመለሻ ሰዓትም የለውም። ወላጅም እያለቀሰ ይሸኛል፤ ችግር ስለሚያስገድደው። እንዲህ ያለውን መንገድ እየለቀቅናት፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ወልድያ ሄዳ ኳስ ተጫውታ በማግስቱ እንዳትመለስ የምንከለክላት በምን ፍርድ ነው? ጨዋታ የችግርን መንገድ ይዘጋል አልልም፤ ሥራና መሬት የሚሠሩትን ኳስ አይሠራውም። ነገር ግን ስሟ በቡድን መዝገብ የተጻፈ፤ ጓደኞቿ የሚጠብቋት፤ መምህርቷ ስትቀር ቤቷ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅላት ልጅ፤ ከትምህርት ቤት ስትጠፋ ቶሎ ይታወቃል። ደላላም ቢያባብላት፤ ያለ ዕድሜዋም ሊድሯት ቢመክሩ፤ ወሬው ከመዘግየቱ በፊት የሚሰማ ሰው አላት። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ከልክሏል፤ ሕጉ የሚሠራው ግን የልጅቷን መጥፋት የሚያስተውል ሰው ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብና የፀጥታ ነው። ስለ ገንዘቡ የተናገርሁ እንደሆነ፤ ትልቁ ወጪ አስቀድሞ የተደረገ ነው። በወልድያ ከ25,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲዮም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የጐደለው ከቆቦ ሜዳ ተነሥቶ እስከዚያ የሚያደርሰው ደረጃ ነው። አገር ጣራ ሠርቶ መሰላል ሲረሳ አይተናል፤ መሰላሉ ከጣራው ይረክሳል። ስለ ፀጥታው ደግሞ አላግባብ ድፍረት አልናገርም። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን ልጆች ማንቀሳቀስ አይገባም። በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይጋጠሙ፤ ሰላም ሲሆን መንገዱ ይቀጥላል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የወረዳ ሠራተኛ፤ ወይም አንድ መምህር፤ ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችለውን ልዘርዝር። በመጀመሪያ፤ ከሳምንቱ አንዱ ከሰዓት በኋላ ሜዳው የልጃገረዶች እንዲሆን በጽሑፍ ይወሰን። በቃል የተሰጠ ሜዳ ወንዶቹ ኳስ ይዘው በመጡ ጊዜ ይወሰዳልና፤ ወረቀቱ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፤ አንዲት መምህርት ኀላፊ ትሁን፤ የመልበሻ ክፍልና ውሃ ይዘጋጅ፤ ለወር አበባ የሚያስፈልገውም ነገር ሳያፍሩ በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ብዙ ልጅ ከሜዳ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ሆኖ ሳለ «ፍላጎት የላትም» እየተባለ ይጻፍባታል። ሦስተኛ፤ የውድድሩ ወራት በአገሩ ሥራ ልክ ይመረጥ። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጅቷ ማማ ላይ ናት፤ አዝመራው ከገባ በኋላ ግን ሜዳውም ደረቅ ነው፤ እርስዋም ፋታ አላት። በሌላ አገር የዘመን ሰሌዳ የተቀዳ ውድድር የሚከሽፈው ይህን ስለማያውቅ ነው።

አራተኛ፤ ጉዞው መመላለሻ ይሁን። የቆቦ ልጃገረዶች ወልድያ ሲሄዱ ወልድያዎች ያሳድሯቸው፤ ወልድያዎች ሲመጡ ቆቦ ታሳድር። እንደ ሶለሉ ሁሉ ተቀባዩ መንደር ምግቡን ካቀረበ የሚቀረው የመኪና ዋጋ ብቻ ነው። አምስተኛ፤ ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ፤ ጥቂትም ቢሆን፤ በበጀት መዝገብ ላይ በገዛ ስሙ ይጻፍ። «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ ለስብሰባ ሻይ እንደሚውል በመሥሪያ ቤት አንድ ዓመት የሠራ ሁሉ ያውቃል። በስሙ የተጻፈ ገንዘብ ግን በዓመቱ መጨረሻ «ስንት ልጃገረዶች ተጫወቱ? ስንት ጊዜ ተጓዙ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። የሚጠየቅበት ነገር ደግሞ ይሠራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ሩዋንዳ በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የደረሰባትን እልቂት ዓለም ያውቀዋል። ከ2014 ጀምሮ በኪጋሊ የሟቾቹ መታሰቢያ የሆነ የሴቶች የክሪኬት ውድድር ይደረጋል፤ ስሙም ክዊቡካ ነው፤ «ማስታወስ» ማለት ነው። የሌሎች አገሮች ሴቶች በየጊዜው ወደዚያ እየሄዱ ይጋጠማሉ። በ2023 ደግሞ የሩዋንዳ ከ19 ዓመት በታች ልጃገረዶች በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ተሰልፈው ዚምባብዌንና ዌስት ኢንዲስን አሸነፉ። ያች ትንሽ ተራራማ አገር ኀዘኗን በልጃገረዶች ጨዋታ ማስታወሷ ኀዘኑን ማቅለሏ አይደለም። ከሞት የተረፈው ትውልድ በሕይወት መኖሩን ለዓለም የምትመሰክርበት መንገድ ነው።

ቆቦም ኀዘን ታውቃለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ደረሰባት፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ፤ ልጃገረዶች ለሶለል በሚዘጋጁበት በዚያው ሰሞን፤ ውጊያው በአካባቢዋ እንደገና ተቀሰቀሰ። ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረች ዛሬ ለቡድን ጨዋታ ደርሳለች። ለእርስዋ ከሰፈር ወጥቶ መሄድ ማለት ሽሽት ማለት ሆኖባት አድጋለች። መንገድ ደግ ነገርም እንደሚያመጣ፤ በመንገዱ ጫፍ ያለው ሰው ተጋጣሚ ሆኖ ወዳጅም ሊሆን እንደሚችል፤ የሚያስተምራት ማን ነው? የሶለል፣ የሻደይ፣ የአሸንድዬና የአሸንዳ ልጃገረዶች በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት ደስታ የሚደሰቱ እኅትማማች ናቸው። ቆቦ ሰቆጣን፣ ላሊበላንና ወልድያን ጋብዛ፤ ሰላሙ በፈቀደ ጊዜም ከጎረቤቷ ከአላማጣ ጋር ተጋብዛ ብትጫወት፤ በትልልቆቹ መካከል ያልተቋጨውን ጉዳይ ልጆቹ ይቋጩታል ማለት አይደለም። ነገር ግን ነገ ጉዳዩን የሚረከቡት እነርሱ ናቸውና፤ አስቀድመው ቢተዋወቁ ይጠቅማል።

ሉሲዎቹ እንደገና ወደ አቡጃ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄዱበት ቀን ይመጣል። ከመካከላቸው አንዲቱ ከራያ ቆላ ብትሆን፤ ያች ልጅ አሁን በቆቦ በአንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትማራለች። የወረዳው በጀት በሚደለደልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ወጣት ይኖራል። ብዕሩ ከዚያ መሥመር ላይ ሲደርስ እንዳይደርቅ አደራ።